«ሰዓት መስጠት» በቻይንኛ ለምን ያስደነግጣል?

የሰፈር ልጅ፦
ሰላም የቃላት ወዳጆች። ቻይናዊ አለቃችን ኮንትራቱን ጨርሶ ሊሄድ ሲል አዋጥተን የግድግዳ ሰዓት ገዛንለት። ትልቅ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ። አስተርጓሚያችን ካርቶኑን ስታይ ክው አለች። «ኧረ ይሄን እንዳትሰጡት!» እሱ ግን ቀድሞ አይቶታል። ሳቅ አለና ከኪሱ የአንድ ብር ሳንቲም አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «በቃ፣ ገዛሁት» አለ። ነገሩ «ሶንግ ጆንግ» ከሚባል ቃል ጋር ይያያዛል አሉኝ። ምን ማለት ነው? ሳንቲሟስ?

ሆሄ፦
«ሶንግ» መስጠትም ነው፣ መሸኘትም ነው። «ጆንግ» የግድግዳና የጠረጴዛ ሰዓት ነው። ችግሩ፣ ድምፁ ቁርጥ እሱን የሆነ ሌላ «ጆንግ» አለ። አጻጻፉ ይለያል፣ ትርጉሙ ፍጻሜ ነው። ሁለተኛው «ሶንግ ጆንግ» ወላጅ ሲያጣጥር አጠገቡ ሆኖ፣ በወጉ ሸኝቶ መቅበር ማለት ነው። ሳንቲሟ ስጦታውን ግዢ አደረገችው። ከተገዛ ደግሞ «ሶንግ» የሚባል ነገር የለም፣ ሟርቱም ፈረሰ። የእጅ ሰዓት ስሙ «ቢያዎ» ስለሆነ በቃሉ በኩል ይህ ጣጣ የለበትም።

አራዳዋ፦
ስለዚህ «ሞትህን ተመኘሁልህ» ብለን እንተርጉመው?

ሆሄ፦
አይ፣ እሱ ይስታል። እዚህ ጋ አማርኛችን ራሱ ይረዳናል። እናቶቻችን «ቀባሪ አያሳጣኝ» ብለው ይጸልያሉ። ልጃቸውን «ቀባሪዬ» ይሉታል፣ ከፍቅር ነው። አሁን ሂድና ጎረቤትህን «እቀብርሃለሁ» በለው! ቃሉ ያው ነው፣ ጠብ ግን ይነሳል። ቻይኖቹም ጋ እንደዚያው ነው። ልጅ ለአባቱ ሲያደርገው ክብር ነው፤ የሚያደርግለት ሰው ያጣ ሽማግሌ ያሳዝናል። እንግዳ ሰዓት ታቅፎ ሲመጣ ነው የሚከፋው። እኔ «መቅበር» እለዋለሁ፣ «ሞት» አልለውም።

ሰምና ወርቅ፦
በዜማ፣ ማለትም በድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ ብቻ የሚለያዩ ቃላትም አሉ። አራት «ስ» ነው፣ መሞትም «ስ» ነው። በሆንግ ኮንግ ቋንቋም ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ እዚያ ሊፍቱ ከ3 ወደ 5 የሚዘልባቸው ሕንጻዎች አሉ። ሞትን በስሙ ላለመጥራት የሚሄዱበት ርቀት ደግሞ ይገርማል። የመቀበሪያው ልብስ «ሾው ዪ» ይባላል፣ ቃል በቃል የረጅም ዕድሜ ልብስ። ለቅሶ «ነጭ ጉዳይ» ነው፣ ሠርግ «ቀይ ጉዳይ»። ዕድሜ ጠግቦ የሞተ ሰው ቀብር «የደስታ ለቅሶ» ይባላል። እኛም እንዲህ ላለው ሰው ስናለቅስ ትንሽ እንለዝባለን መሰለኝ።

አራዳዋ፦
ቻይኖች መቃብር የሚጎበኙበትን ቀን፣ «ቺንግ ሚንግን»፣ አንድ ቦታ «የቻይና ተዝካር» ተብሎ አየሁት። ልክ ነው?

ሆሄ፦
አልወደድኩትም። ተዝካር ሰውየው ከሞተበት ቀን ተቆጥሮ ለነፍሱ የሚወጣ ነው። ቺንግ ሚንግ የወቅት ስም ነው፣ «ጥርት ያለ ብሩህ» እንደማለት። የሁሉም ቤተሰብ ቀን አንድ ነው፣ በእኛ መጋቢት 26 ወይም 27 አካባቢ። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቻይና የሥራ መዝጊያ ቀን ሆኗል። መቃብሩ ላይ የበቀለውን ሣር ይነቅላሉ፣ ምግብ ያቀርባሉ፣ ዕጣን ያጨሳሉ፣ የወረቀት ገንዘብ ያቃጥላሉ። ገንዘቡ ሟቹ በወዲያኛው ዓለም እንዲጠቀምበት ነው፤ ከወረቀት የተሠራ ቤት፣ መኪና፣ ሞባይል ሳይቀር የሚልኩ አሉ። ሥራው «ሳዎ ሙ» ነው የሚባለው፣ መቃብር መጥረግ። እንደዚያው «መቃብር ጠረጋ» ብንለው ምን ይጎድለዋል?

የሰፈር ልጅ፦
ተባረኩ። ሰውዬው ሰዓቱን ይዞ ሄዷል፣ ሳንቲሟ እኔ ጋ አለች። ለሚቀጥለው አለቃ ጃንጥላ አስበን ነበር።

ሰምና ወርቅ፦
እሱም ይቅርባችሁ! ጃንጥላ «ሳን» ነው፣ ከመበታተን ጋር ይመሳሰላል። ቡና ግዙለት።