የ1994 ማዝዳ ሚያታ፦ ጠዋት ሰማያዊ ጭስ፣ ከስር ደግሞ የዘይት ጠብታ። ሞተሩ ይቀየር?

ባለ ሁለት ወንበሩ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ወገኖች። በቅርቡ የ1994 ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ። ባለ 1.8 ሞተሩ፣ አምስት ማርሽ፣ መብራቱ ከኮፈኑ ብቅ የሚለው። 145 ሺህ ማይል ሄዷል፣ ለረጅም ጊዜም ቆሞ ነበር። ጉልበቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ጭሱ ነው።

ጠዋት ሳስነሳው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ዳገት ስወጣ ምንም የለም። ቁልቁለት በማርሽ ይዤው ወርጄ እንደገና ነዳጅ ስሰጠው ግን በመስታወት አየዋለሁ። በሺህ ማይል አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ይበላል። ሌላው ደግሞ፣ የትራፊክ መብራት ላይ ስቆም የተቃጠለ ዘይት ይሸተኛል። ካምቢዮውና ሞተሩ የሚገናኙበት ቦታ ስር ጠብታ አለ።

ያሳየሁት ጋራዥ «ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል፣ የኋላ ኦይል ሲሉም (በሞተሩ ጀርባ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ሄዷል፣ ሞተር ይቀየር» አለኝ። የጠየቁት ዋጋ መኪናውን ከገዛሁበት ይበልጣል። ምን ትሉኛላችሁ?

ጋሽ ፒስቶን (አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ሞተሩን አትንካው። እስካሁን የተናገርከው ነገር ሁሉ ፋሻ አይመስልም።

ፋሻ ያለቀበት ሞተር የሚያጨሰው ጫና ሲበዛበት ነው። ዳገት ላይ፣ ነዳጅ ሲረገጥ፣ ተከታትሎ ያጨሳል። ጉልበቱም ይወርዳል። ያንተ ዳገት ላይ ንጹሕ ነው ብለሃል።

የቫልቭ ሲል፣ ማለትም በቫልቩ ዘንግ ዘይት እንዳይወርድ የሚያግደው ጎማ፣ ሲደርቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌሊቱን ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የቀረው ዘይት በቫልቩ ዘንግ ላይ ተንጠባጥቦ ይወርዳል። ጠዋት ስታስነሳው እሱ ይቃጠልና ያልከው ቡፍታ ይመጣል። ቁልቁለት ላይም እንዲሁ ነው። እግርህን ከነዳጁ ስታነሳ የአየር መግቢያው ይዘጋል፣ ሞተሩ ግን ይስባል። አየር ሲያጣ በደረቀው ሲል በኩል ዘይት ይስባል። ነዳጅ ስትሰጠው ያ ዘይት ይቃጠላል። ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ላይ ደግሞ ሲል መድረቁ የታወቀ ነው።

ቀለሙ በእርግጥ ሰማያዊ መሆኑን ብቻ አረጋግጥልኝ። ነጭ ሆኖ የሚጣፍጥ ዓይነት ሽታ ካለውና የራዲያተር ውሃ ከቀነሰ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል።

ባለ ሁለት ወንበሩ

ሰማያዊ ነው ጋሼ። ውሃውም አልቀነሰም። አመሰግናለሁ።

ካንዴላ (ዴንቨር)

ጋሽ ፒስቶን እንዳሉት ነው። እኔ የ95ቷን ሚያታ ስለምነዳ ሁለት ነገር ልጨምር። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፣ ሲሉን ከመንካትህ በፊት እነሱን ጨርስ።

መጀመሪያ ፒሲቪ ቫልቩን እይ። የቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ በአየር ማስገቢያው በኩል የተሰካች ትንሽ ነገር ናት። ሥራዋ ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመውን ጋዝ መልሶ እንዲቃጠል ማሳለፍ ነው። ክፍት ሆና ከደረቀች ከጋዙ ጋር ዘይትም ታሳልፋለች፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ንቀላትና ጆሮህ አጠገብ ነቅንቃት። ደህና ከሆነች ቀጭል ቀጭል ትላለች። ዝም ካለች ጣላት። ቱቦዋን ውስጡን በጣትህ ዳብሰው፣ ዘይት ካረጠበው ምልክት ነው።

ሁለተኛው ስለ ጠብታው ነው። «የኋላ ኦይል ሲል» ሲሉህ ቶሎ አትመን! የዚህ ሞተር ካም አንግል ሴንሰር (ቫልቮቹን የሚከፍተውን የካም ዘንግ አዙሪት የሚያነበው) ከቴስታታው ጀርባ ነው፣ ከሞተሩና ከሹፌሩ ክፍል ግድግዳ መሃል ተወሽቆ። ውስጡ አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ዕድሜ ሲጠግብ ጎማዋ እንደ ፕላስቲክ ትደርቃለች። ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ቁልቁል ይወርድና ልክ ካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ይንጠባጠባል። ከስር ሆኖ ለሚያይ ሰው ቁርጥ የኋላ ሲል ነው። ለዚህች ቀለበት ሲባል ካምቢዮ ያስወረዱ ሰዎች አሉ። የሚሸትህም የሞተሩ ትኩስ ቦታ ላይ የሚንጠባጠበው ሊሆን ይችላል። የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮንም አብረህ እይ።

ሴንሰሩን የሚይዘው አንድ ባለ 12 ብሎን ነው። ከመፍታትህ በፊት ግን ሴንሰሩና ቴስታታው ላይ በስለት መስመር አስምር። አዙረህ ከመለስከው የእሳቱ ሰዓት ይዛባል።

ሚኒሞ (ፍራንክፈርት)

ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? 20ደብሊው50 ዘይት ጨምርበት። አሮጌ መኪና ወፍራም ዘይት ይወዳል። ጭሱ ይቀንሳል።

ጋሽ ፒስቶን

ይቀንሳል። ሊሸጥ የተዘጋጀ መኪና ላይ ደላሎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ልጁ ግን ሊነዳው ነው እንጂ ሊሸጠው አይደለም። የቨርጂኒያ ክረምት ብርድ ነው፣ ወፍራም ዘይት ጠዋት ላይ ቴስታታው እስኪደርስ ይዘገያል። የዚህ ሞተር ሊፍተር (በካሙና በቫልቩ መሃል ያለው ገፊ) ደግሞ በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። ቆይ ብቻ፣ ጠዋት ጠዋት ቷ ቷ ቷ ማለት ሲጀምር ትሰማዋለህ። 10ደብሊው30 ይበቃዋል።

ሚኒሞ

እሺ ጋሼ፣ ለበጋ ብዬ ነው።

ጋሽ ፒስቶን

አንተ ደግሞ ልጄ፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) ለካ። እሱን ሳይለኩ ስለ ፋሻ ማውራት ጥንቆላ ነው። ሞተሩ ይሙቅ። አራቱንም ካንዴላ አውጣ፣ ነዳጅና እሳት እንዳይሰጥ አድርግ። አንድ ሰው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጥልህ፣ አለበለዚያ አየር ስለማይገባ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ያስደነግጥሃል። ከዚያ በየካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት እየጨመርክ ድገመው። በዘይቱ ቁጥሩ በጣም ከዘለለ ፋሻ ነው። ዝቅ ብሎ እዚያው ከቀረ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

ካንዴላ

መለኪያውን አትግዛ። እዚያ ትልልቆቹ የመለዋወጫ ሱቆች በመያዣ ያውሱሃል።

ባለ ሁለት ወንበሩ

ለካሁ። በደረቁ 178፣ 175፣ 171፣ 176 ፒኤስአይ። በዘይት ሁሉም ጥቂት ጨመሩ፣ የዘለለ የለም። ፒሲቪዋ ዝም ያለች ነበረች፣ ቱቦዋም ውስጡ ዘይት በዘይት። የሴንሰሩ ቀለበት ሲወጣ እጄ ላይ ተሰበረ። ሁለቱንም ቀየርኩ፣ ከኋላ ያለውን ዘይትም አጠብኩት።

ሽታው የለም፣ ከስር ያስቀመጥኩት ካርቶንም ደረቅ ነው። የቁልቁለቱ ጭስ በጣም ቀነሰ። የጠዋቱ ቡፍታ ግን አልሄደም።

ጋሽ ፒስቶን

ይህ ቁጥር የጤነኛ ሞተር ቁጥር ነው፤ አራቱም ተቀራራቢ ናቸው። ፋሻህ ደህና ነው። የቀረው የቫልቭ ሲል ነው።

አስቸኳይ አይደለም። ዘይት የሚበላው ቀንሶ ከሆነ እየጨመርክ መንዳት ትችላለህ። ግን ነዳጅ በሞላህ ቁጥር የዘይት መለኪያውን ሳብ አድርገህ እይ። ይህ ሞተር የሚይዘው 4 ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ለዘለዓለም አትተወው እንጂ፣ የሚቃጠለው ዘይት ቀስ በቀስ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ይደፍነዋል።

ካንዴላ

የታይሚንግ ቺንጋው (ካም ዘንጎቹን የሚያዞረው) መቼ እንደተቀየረ ታውቃለህ? መቀየሪያው በየ60 ሺህ ማይል ነው። ሲሉን ለመቀየር ካም ዘንጎቹ መውጣት አለባቸው፣ ለዚያ ደግሞ ቺንጋው ይወልቃል። ስለዚህ ሲል፣ ቺንጋና የውሃ ፓምፕ በአንድ ቀጠሮ ይሠራሉ።

ባለ ሁለት ወንበሩ

ምንም ወረቀት የለውም። በቃ አብሬ አሠራዋለሁ፣ ወይም ራሴ እሞክረዋለሁ። ቴስታታው መውረድ አለበት? ቫልቩ ሲሊንደር ውስጥ ቢወድቅስ?

ካንዴላ

ቴስታታው አይወርድም። በካንዴላው ቀዳዳ የናይለን ገመድ ክተትበት፣ ጫፉን ውጭ ተወው። ከዚያ ኮሎውን (ፒስቶኖቹ የተያያዙበትን ዘንግ) ከፊት ባለው ብሎን በእጅ ቀስ ብለህ አዙረው። ፒስቶኑ ወደ ላይ ሲመጣ ገመዱን ቫልቮቹ ላይ ይጫነዋል፣ የሚወድቅ ነገር አይኖርም። የአየር ኮምፕሬሰር ካለህ በአየርም ይሠራል፣ ለጀማሪ ግን ገመዱ ይሻላል።

የካም መያዣዎቹን ብሎኖች አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው አትሂድ። ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላላህ ፍታ፣ ካሙ እንዳይጎብጥ። ሊፍተሮቹን ከየትኛው ቀዳዳ እንዳወጣሃቸው ጻፍባቸው፣ ወደዚያው ነው የሚመለሱት። የቫልቭ ስፕሪንጉን የሚይዙት ሁለቱ ግማሽ ቀለበቶች ደግሞ ከምስር ብዙ አይበልጡም። ስፕሪንጉን ስትጫን ተፈናጥረው ይጠፋሉ። በማግኔት ያዛቸው፣ ቴስታታው ላይ ያሉትን የዘይት መውረጃ ቀዳዳዎችም ከመጀመርህ በፊት በጨርቅ ድፈናቸው።