ጥቆማ፦ ትራክ ላይ ትራክሽን ኮንትሮሉ ጉልበት ለሚቆርጥባችሁ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ልጆች

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ። "ከኩርባ ስወጣ ነዳጅ እሰጣለሁ፣ መኪናው ግን ታፍኖ ይቀራል፤ ሞተሩን ቱን ላስደርገው ወይ?" የኔ መልስ፦ ቱኑን (የሞተሩን ኮምፒውተር ለውጦ ጉልበት መጨመሩን) ለጊዜው ተዉት። ገንዘቡን ጎማ፣ አላይመንትና አጠገባችሁ የሚቀመጥ ኢንስትራክተር ላይ አውሉት። ትራክሽን ኮንትሮሉ ያለውን ጉልበት እየቆረጠ ሳለ ሌላ የፈረስ ጉልበት ብትጨምሩ፣ የሚቆረጠውን ብቻ ነው የምታበዙት።

ለምን እንደሚቆርጥ ባጭሩ ልናገር። እያንዳንዱ ጎማ ላይ ፍጥነቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። ሞተሩ የሚያሽከረክራቸው ጎማዎች ከሌሎቹ ፈጥነው መዞር ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ "ተንሸራተተ" ብሎ ይወስናል። ከዚያ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ የሚሾረውንም ጎማ በፍሬን ይይዘዋል። ስታቢሊቲው (መኪናው ከመስመሩ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ሲስተም) ደግሞ መሪው ወዴት እንደዞረና መኪናው በትክክል ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያወዳድራል፤ ካልተስማሙለት አንዱን ጎማ ለብቻው በፍሬን ይጎትታል። መንገድ ላይ፣ በተለይ በበረዶ፣ ይሄ ነፍስ ያድናል። አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ወዲህ ማንኛውም የቤት መኪና ስታቢሊቲ እንዲኖረው በሕግ የተገደደውም ለዚህ ነው። ትራክ ላይ ግን ጎማ መሬቱን አጥብቆ የሚይዘው ትንሽ ሲንሸራተት ነው። ለመንገድ የተስተካከለው ሲስተም እዚያ ሳትደርሱ ያቋርጣችኋል፣ የቆረጠውንም ጉልበት ወዲያው አይመልስም።

ሰሚት ፖይንት ዋናው ትራክ ላይ ኩርባ 10ን አስቡት። ወደ ቀኝ ነው፣ ከሱ ስትወጡ 2,900 ጫማ የሚሆን ቀጥታ ይጠብቃችኋል። መሪውን ሳትመልሱ ነዳጁን ብትረግጡ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ እግራችሁ ወለሉን ነክቶ መኪናው ዝም ይላል። እዚያ ያጣችሁትን ፍጥነት ቀጥታውን ሙሉ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ከኋላ ያለው ጉልበቱ ትንሽ የሆነ ማዝዳ ሚያታ ሳይቀር ይደርስባችኋል። ቪአይአር (ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ) ያለው ኦክ ትሪ ኩርባም እንደዚያው ነው። ስሙን የሰጠው ዛፍ በ2013 ወደቀ እንጂ ኩርባው አሁንም ረጅሙ ቀጥታ መግቢያ ላይ ቆሞ ይፈትናል።

ግን ጉልበት የጠፋ ሁሉ ትራክሽን ኮንትሮል አይደለም። መብራቷ ብልጭ ካለች እሱ ነው። መብራት ሳይኖር ረጅም ኩርባ ላይ ብቻ ሞተሩ ከተንተባተበ የነዳጁን መጠን እዩ፤ ታንኩ ሲጎድል ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፓምፑ አየር ይስባል። ሰሚት ፖይንት ካሩሰል የሚሉት ረጅም የቀኝ ኩርባ ይሄን ቶሎ ያሳያችኋል፣ ስለዚህ ከግማሽ ታንክ በታች አትግቡ። ከጥቂት ዙር በኋላ በየቦታው ከደከመ ደግሞ ሙቀት ነው፣ በተለይ ተርቦ ባለው መኪና።

አሁን መኪና ለመግዛት ላሰባችሁ። ለጀማሪ የምመርጠው ቶዮታ ጂአር86 ወይም መንትያው ሱባሩ ቢአርዜድ ነው። 228 የፈረስ ጉልበት አለው፣ ቶርሰን ዲፈረንሻል (አንዱ ጎማ ሲሾር ጉልበቱን መሬት ወደያዘው ጎማ የሚያሻግር) እዚህ አገር ከነመሠረቱ ይመጣል። "ትራክ" የምትል ቁልፍ አለችው፤ እሷን ስትነኩ ሲስተሙ ይለቃል እንጂ ጨርሶ አይተዋችሁም። ሙሉ ለሙሉ ማጥፋት ከፈለጋችሁ ቆማችሁ የትራክሽን ማጥፊያዋን ቁልፍ ተጭናችሁ መያዝ ነው። ማዝዳ ሚያታም በጣም ጥሩ ነው፣ ጉልበቱ ልከኛ ስለሆነ በደረቅ ቀን ሲስተሙ ብዙ አያስቸግርም። ያገለገለ ከሆነ የምትገዙት ክለብ የሚባለውን ደረጃ በማንዋል ማርሽ ፈልጉ፣ ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል (የቶርሰን ዓይነት ሥራ የሚሠራ) አለው። ይሄ ዲፈረንሻል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኦፕን (ተራው) ዲፈረንሻል ያለው መኪና የውስጠኛው ጎማ ሲሾር በፍሬን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያ ማለት ፍጥነት በምትፈልጉበት ሰዓት ፍሬን እየተያዘባችሁ ነው።

ሙስታንግ ጂቲ ብዙ ጉልበት በትንሽ ገንዘብ ይሰጣል፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ቁልፉን አንዴ መጫን ትራክሽኑን ብቻ ያጠፋል፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን ስፖርት ውስጥ ያስገባዋል፣ ይዞ መቆየት ሁሉንም ያጠፋል። ስፖርቱ ላይ ቆዩ። ቢኤምደብሊው ኤም መኪኖች ላይ ኤምዲኤም (ኤም ዳይናሚክ ሞድ) የሚባለው፣ ሲስተሙን በከፊል የሚለቀው መካከለኛ ደረጃ በጣም ይመቻል፤ አዲሱ ጂ80 ኤም3 ደግሞ ባለ 10 ደረጃ ትራክሽን ኮንትሮል አለው፣ እንደ ችሎታችሁ ትመርጣላችሁ። ከሁሉም የላቀው ግን ለኔ የኮርቬት ፒቲኤም (ፐርፎርማንስ ትራክሽን ማኔጅመንት) ነው። ከዝናብ እስከ ሬስ አምስት ደረጃ አለው፣ የላይኞቹ ላይ ስታቢሊቲው ይወጣና ጉልበቱን የሚያስተካክልላችሁ ትራክሽኑ ብቻ ይቀራል። ጉልበት ይነጥቃል የሚባለውን ሲስተም ፍጥነት እንዲሰጥ አድርጎ የሠራው እሱ ነው። በሁሉም ኮርቬት ላይ ስለሌለ ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ያላችሁን መኪና ለምታስተካክሉ፦ መጀመሪያ አላይመንት። ግን አላይመንት የሚሠራ ሁሉ አንድ አይደለም። ጎማው ከተስተካከለ በኋላ የመሪው አንግል ሴንሰር ዜሮ መደረግ አለበት። ካልተደረገ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ኮምፒውተሩ እየታጠፋችሁ ነው ብሎ ሊያስብና ያለቦታው ጣልቃ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ስልክ ደውላችሁ "የመሪ አንግል ሴንሰር ካሊብሬት ታደርጋላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ካልገባቸው ወደ ሌላ ሂዱ። ብዙ ጊዜ በርካሹ ኮድ ማንበቢያ አይሆንም፣ ለመኪናው የሚሆን ስካነር ያስፈልጋል። የፊትና የኋላ ጎማ ቁመታቸው ፋብሪካው ካሰበው ውጭ ከሆነም ሴንሰሮቹ ፍጥነቱ የተለያየ ይመስላቸዋል። ከሌላ መኪና ያገኛችሁትን ቸርኬ ከመግጠማችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ።

ጎማ ላይ ለጀማሪ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ እመክራለሁ። ወደ ሥራም ይወስዳችኋል፣ ዝናብም አያስፈራውም፣ መንሸራተት ሲጀምርም ቀስ ብሎ ይነግራችኋል። ብሪጅስቶን አርኢ71አርኤስ መሬቱን ይበልጥ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ የእናንተንም ስህተት ይሸፍናል። ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

ፍሬን አትርሱ። ስታቢሊቲው እየሠራ ከሆነ እናንተ ሳትረግጡት የኋላ ፍሬን ሲሠራ ይውላል። ፒት ስትገቡ ከኋላ ጎማ ጭስ ካያችሁ፣ ወይም የኋላው የፍሬን ሸራ ከፊተኛው ቀድሞ ካለቀ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የፍሬን ዘይት ላይ ኤቲኢ ታይፕ 200 ለአብዛኛው ሰው ይበቃል፣ አዲስ ሲሆን እስከ 280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም። ከባድ መኪና ላላችሁ ሞቱል አርቢኤፍ 600 ይሻላል፣ እሱ 312 ይደርሳል።

ቦታ። ሰሚት ፖይንት ዌስት ቨርጂኒያ ነው፣ ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ለኛ ሰፈር የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ውሃ የሚረጭበት ስኪድ ፓድ (መንሸራተት የሚለማመዱበት ሜዳ) አላቸው፤ ክለቦች ጀማሪን እዚያ ወስደው ሲስተሙን እያጠፉና እያበሩ በትንሽ ፍጥነት ያስለማምዳሉ። ሲስተሙ ምን እንደሚሠራላችሁ በመቀመጫችሁ የምታውቁት እዚያ ነው፣ ለማጥፋት የምታስቡ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ እለፉ። ዶሚኒየን ሬስዌይ ቶርንበርግ፣ 95 አውራ ጎዳና አጠገብ ነው፣ ለቨርጂኒያ ልጆች ቅርብ ነው፣ የትራኩ ርዝመት ሁለት ማይል ይሆናል። ቪአይአር አራት ሰዓት ገደማ ያስነዳል፣ ፈጣንም ነው፤ ልምድ ሳትይዙ ሲስተም አጥፍታችሁ የምትሞክሩበት አይደለም።

አዘጋጆቹን ሳወዳድር፣ የቢኤምደብሊው ክለብ የዋና ከተማው ቅርንጫፍ ለማስተማር ይመቻል፤ ሌላ ዓይነት መኪና ካላችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። ናሳ ሚድ አትላንቲክ የምትነዱትን አይመርጥም፣ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ኢንስትራክተር ይመድብላችኋል። ናሳ የምላችሁ የመኪና ስፖርት ማኅበሩን ነው፣ የጠፈሩን አይደለም። የመንገድ ኢንሹራንሳችሁ ትራክን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም፤ የአንድ ቀን የትራክ ኢንሹራንስ ለብቻው ይሸጣል።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ለኔም "የኤቢኤሱን ፊውዝ ንቀለው፣ ይገላግልሃል" ብሎኛል። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። ፊውዙ ሲነቀል ትራክሽኑ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆልፍ የሚጠብቀው ኤቢኤስ ይሄዳል፣ የፊትና የኋላ ፍሬን የሚያመጣጥነውም አብሮ ይሄዳል። በሰዓት ከ100 ማይል በላይ እየነዳችሁ ፍሬን ስትይዙ የኋላ ጎማ ቀድሞ ቢቆልፍ መኪናው ይዞርባችኋል። የጎማ ሴንሰር መንቀልም ያው ነው።

ነጂው ምን ያድርግ ለምትሉ፦ ስፖርት ወይም ትራክ የሚለው ደረጃ ላይ አድርጉት፣ መብራቷን አስተማሪ አድርጓት። የበራችበትን ኩርባ አስታውሱ። በሚቀጥለው ዙር እዚያው ቦታ ላይ መሪውን እየመለሳችሁ ነዳጁን በዚያው ልክ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። ቀኑን ሙሉ መብራቷ ሳትበራ ከዋለች፣ ሰዓታችሁም ከተሻሻለ፣ ያኔ ስለ ማጥፋት ከኢንስትራክተራችሁ ጋር ተነጋገሩ።

የመኪናችሁን ሞዴልና ዓመት፣ የጎማችሁን ዓይነት፣ የትኛው ትራክ የትኛው ኩርባ ላይ እንደሚቆርጥባችሁ ጻፉልኝ። መብራቷ ትበራ እንደሆነና እንዳልሆነም ጨምሩበት፣ ያለሱ መመለስ ይከብዳል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ አካባቢ የመሪ ሴንሰሩን በደንብ የሚያስተካክል የምታውቁ ካላችሁም ጠቁሙን፣ እዚያ ያሉት ልጆች በጣም እየጠየቁ ነው።