ኤዲኤችዲ እና እጅ ላይ የማይቆይ ደሞዝ

ከዴንቨር፦
ኤዲኤችዲ (ትኩረትን የመሰብሰብና ራስን የመግታት ችግር) ያለባቸው አዋቂዎች ደሞዝ በገባ በሳምንቱ ባዶ እጃቸውን የሚቀሩበት ነገር እዚህ ተደጋግሞ ይነሣል። «ወጪህን ጻፍ» የሚለው ምክር ለምን አይሠራም? በምትኩስ ምን ይደረግ? የምታውቁ አስረዱን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወጪ መጻፍ ከገዙ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነው፤ በዚያ ሰዓት ብሩ ሄዷል። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው አሁን ፊቱ ያለውን ነገር አግዝፎ ያያል፤ የወሩ መጨረሻ ደግሞ በጣም ሩቅ ይሆንበታል። «አባካኝ ነህ» ብሎ መስደብ ኀፍረት ይጨምራል፣ ያፈረ ሰው ደግሞ የባንክ ሒሳቡን መክፈት ይፈራል። ስለዚህ የቢል ብር መጀመሪያውኑ ካርዱ ላይ እንዳይደርስ ይደረግ።

ሁለት ሒሳብ ይከፈት፣ በሁለት የተለያየ ባንክ። አንድ ባንክ ከሆነ ብሩን በስልክ መልሶ ማምጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ለቢሉ ሒሳብ ካርድ አይወጣ፣ አፑም ስልክ ላይ አይጫን። ከዚያ ይሰላ፤ ለምሳሌ፦ ኪራይ 1,350፣ መብራትና ኢንተርኔት 160፣ የመኪና ኢንሹራንስ 140፣ ስልክ 50፣ ዕቁብ 200፤ ድምሩ በወር 1,900 ዶላር። በ12 አባዝቶ ለ26 ማካፈል ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ የሚከፈል ሰው በዓመት 26 ጊዜ ይከፈላልና። 877 ይመጣል፤ 900 ይደረግ። ትርፉ በዓመት 600 ዶላር ገደማ ስለሚሆን ለመኪናው ምዝገባና ለጎማ ይበቃል። 900ውን የመሥሪያ ቤቱ ፔይሮል (ደሞዝ ከፋዩ ክፍል) ከዳይሬክት ዲፖዚቱ ቆርሶ በቀጥታ ወደ ቢሉ ሒሳብ ይላከው። «ሲገባ አዛውረዋለሁ» ያለ ሰው አያዛውረውም።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የመጀመሪያው ወር ላይ ነው። ወሩ ሲገባ ኪራይ ይፈለጋል፣ አዲሱ ሒሳብ ውስጥ ያለው ግን አንድ 900 ብቻ ነው። አውቶፔይ (ቢሉ ከሒሳቡ በራሱ የሚከፈልበት) በርቶ ከሆነ ክፍያው ይመለሳል፣ ቅጣቱም ይከተላል። ቢያንስ የአንድ ወር ኪራይ እስኪጠራቀም አውቶፔይ አይብራ። ሦስት ደሞዝ በሚገባበት ወር መጀመር ይቀላል።

ከዴንቨር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ካርዱ ላይ የሚቀረውስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በየሳምንቱ ተከፋፍሎ ሰኞ ሰኞ ይግባ። አርብ ከገባ ቅዳሜና እሁድ ይበላዋል፣ ሰኞ የቤንዚን ይጠፋል። ኦቨርድራፍቱንም (ብር ሲያልቅ ባንኩ ከፍሎ ቅጣት የሚጠይቅበትን) ያስነሡ። ባንክ በዴቢት ካርድ ለሚደረግ የአንድ ጊዜ ግዢ ኦቨርድራፍት የሚያስከፍለው ደንበኛው ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ሒሳብ ሲከፍቱ ሳያነቡ የፈቀዱ ብዙ ናቸው። ፈቃዱ ሲነሣ ካርዱ እምቢ ይላል እንጂ ቅጣት የለም። ቼክንና አውቶፔይን ግን ይህ አይመለከታቸውም።

ከአሌክሳንድሪያ፦
እኔ ስለ ስልኩ ልጨምር። የካርዱ ቁጥር ከአማዞን ብቻ ቢሰረዝ ኢንተርኔት መክፈቻው ክሮም አስቀምጦት ስለሚሞላው ከሁለቱም ይሰረዝ፣ ከአፕል ፔይም። ፕላስቲኩ ሌላ ክፍል፣ ኮት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ፤ ተነሥቶ ሄዶ ቁጥሩን አንድ በአንድ መጻፍ ሲመጣ ብዙው ግዢ እዚያው ይቀራል።

«ሦስት ቀን ጠብቅ» ብቻ ማለትም አይበቃም። የሚያስቸኩለው አንዱ ነገር «እረሳዋለሁ» የሚል ስጋት ነው። የዕቃው ስም፣ ዋጋውና ቀኑ ወረቀት ላይ ተጽፎ ፍሪጅ ላይ ሲለጠፍ ስጋቱ ይረግባል፣ መጠበቁም ይቻላል።

በአራት ክፍያ ከሚሸጡት ይጠንቀቁ። የ120 ዶላር ጃኬት 30 መስሎ ይታያል፤ አምስት እንደዚያ ያለ ግዢ ሲደራረብ በየሁለት ሳምንቱ 150 ይሄዳል። ሱቅ ካሸር ላይ «ካርድ ላውጣልዎ» ለሚሉት ደግሞ ክሬዲትን (የብድር ታሪክን) መዝገቡን በሚይዙት ሦስት ድርጅቶች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ማስቆለፍ ይቻላል፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ነፃ ነው። የአራት ክፍያ አፖችን ግን ሁልጊዜ አያግድም።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ማታ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ የሚገዙት ሊበዛ ስለሚችል የሱቅ አፖች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ይዘጉ። ወጪው በድንገት ጨምሮ፣ ለቀናት እንቅልፍ ጠፍቶ ጉልበት ከበዛ ግን ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላልና ሳይዘገዩ ሐኪም ያማክሩ።

ከሚኒያፖሊስ፦
ዕቁብን በቢል ውስጥ መቁጠርዎ ትክክል ነው። ቀኑ የተቆረጠ ነው፣ የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ይሉኝታም ይይዛል፤ ኤዲኤችዲ ላለበት ከዚህ የተሻለ ቁጠባ አላውቅም። አደጋው ዕጣ የወጣ ዕለት ነው። በ10 ሰው 200 ሲጣል 2,000 ዶላር በአንድ ቀን እጅ ይገባል። ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ብሩ አልቆ ገና ወራት መክፈል ይቀራል። ሰብሳቢውን ከኋለኞቹ ተራዎች አንዱን መጠየቅና ብሩ በቀጥታ ወደ ቢሉ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ ይሻላል።

አገር ቤት መላክም እንደ ግዢው ነው፤ ስልኩ ሳይዘጋ አፑ ተከፍቶ ይላካል። የሚላክበት ቀንና መጠን ይወሰን፣ መልሱም ከወዲሁ ይዘጋጅ፦ «እማዬ፣ የምልከው ወር በገባ በ5 ነው፤ ያን ቀን ይደርስሻል።» ሕመምና ለቅሶ ቀን አይጠብቁም፤ ለእነሱ 200 ዶላር ለብቻ ተቀምጦ፣ ከተነካ በሚቀጥሉት ሁለት ደሞዞች 100፣ 100 ይተካ።