የቆረቆር ጥናት ረቂቅ፦ ከመላካችን በፊት እናስተካክለው

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለኮዬ ፈጬ ተማሪዎች ያሰብነው የቆረቆር (የራስ ቆዳና ፀጉር ፈንገስ) ጥናት ረቂቅ «የትኛው ፈንገስ ነው?» ብሎ ይቆማል። «ፀጉሩን በምን ይበላዋል?» የሚለውም ይግባበት እላለሁ። ፈንገሱ መጀመሪያ ሰልፋይት የሚባል ኬሚካል አመንጭቶ ኬራቲኑን (የፀጉሩን ጠንካራ ፕሮቲን) አጥብቀው የያዙትን የድኝ ማሰሪያዎች ይበጥሳል፤ ከዚያ ኢንዛይሞቹ የላላውን ፕሮቲን ይከታትፉታል። ወተት ዱቄት የገባበት አጋር (ፈንገስ የሚበቅልበት ጄል) ላይ እንዝራውና በዙሪያው ጥርት የሚለውን ክብ በማስመሪያ እንለካ፤ ወጪው ትንሽ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ሐሳቡ ደስ ብሎኛል፤ በወተቱ ግን አልስማማም። የወተቱ ፕሮቲን ኬዚን ነው፣ በቀላሉ ይፈርሳል። ኬዚን ያፈረሰ ሁሉ ፀጉር ይበላል ማለት አይደለም። ወተቱ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ምርመራ ይሁን፤ ለዋናው ሥራ ታጥቦ በአውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ ትኩስ እንፋሎት) የጸዳ ፀጉር ለፈንገሱ እንስጠውና ክብደቱ ምን ያህል እንደቀነሰ እንመዝን።

ሌላም አለ። ረቂቁ «ውጤት በ7 ቀን» ይላል፤ አይሆንም። በአገራችን ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ፈንገስ እድገቱ ዘገምተኛ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለሙን ለማየት ሦስት ሳምንት ጠብቄ አውቃለሁ። 4 ሳምንት ተብሎ ይስተካከል። የዉድ መብራትም (አንዳንድ ፈንገስ የያዘውን ፀጉር የሚያበራው የምርመራ መብራት) ከበጀቱ ይውጣ። አረንጓዴ የሚያበራው ማይክሮስፖረም ኬኒስ የሚባለው ሌላ ፈንገስ ነው፤ የኛው አያበራም፤ እንዲያውም ያመመውን ልጅ ነፃ ነው ብለን እንዳንሸኝ እፈራለሁ።

የትምህርት ቤት ነርስ፦
ባለፈው ሳምንት አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ኮፍያዬን አላወልቅም ብሎ አለቀሰ። አባብዬ ሳየው ፀጉሩ ከቆዳው እኩል ተሰብሮ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። እናቱ ሦስት ቱቦ ቅባት ጨርሳለች። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ሳለ ቅባት ብቻውን ምን ያደርጋል? ግሪሲዮፉልቪን የሚባል የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልገዋል። ናሙና የሰጠ ልጅ ሁሉ መድኃኒት እንዲያገኝ ካልተጻፈ እኔ አልፈርምም።

መምህር፦
ሲስተር ያለችው ልክ ነው። ፀጉር ቤቶቹም አይረሱ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ ቶንዶስ ሳይጸዳ ከራስ ወደ ራስ ሲዞር ይውላል። ከጥርሶቹ መሃል የቀረውን ፀጉር ናሙና እንውሰድ፤ ባለቤቶቹን እኔ አነጋግራለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
እሺ፣ ተቀብያለሁ። የሲስተር ነጥብ አንደኛ አንቀጽ ይሆናል፤ የመብራቱ ገንዘብ ወደ መድኃኒት ይዞራል። ወንድሜ፣ የፀጉር ምዘናውን አሠራር በግማሽ ገጽ ጻፍልን። ሲስተር፣ ለአንድ ልጅ የሙሉ ሕክምናውን ዋጋ እስከ ሐሙስ ንገሪኝ፤ የናሙናውን ቁጥር የምንወስነው በሱ ነው።