ጥቆማ፦ ውጭ አገር ለሚማር ተማሪ የትኛው የባንክ ሒሳብ ይሻላል?

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)
በሚቀጥለው ሴሚስተር ውጭ አገር ትምህርት እጀምራለሁ። የትምህርት ክፍያውንም ሆነ የወር ወጪዬን የሚልኩልኝ ወላጆቼ ናቸው። በስልክ መተግበሪያ የሚሠሩት ዋይዝ ወይም ሬቮሉት፣ ወይስ ቅርንጫፍ ያለው መደበኛ ባንክ የሚለውን መወሰን አቅቶኛል። አከራዩ የአገሩን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይጠይቀኛል፤ ባንኩ ደግሞ የኪራይ ውል ካላመጣሽ ሒሳብ አልከፍትልሽም ይላል። ከዚህ አዙሪት የወጣችሁ በምን እንደ ጀመራችሁ ብትነግሩኝ በጣም ይጠቅመኛል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
ያለ ማመንታት ዋይዝን እጠቁማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ትራንስፈርዋይዝ በሚል ስም ከተመሠረተ ጀምሮ መለያው ገንዘቡን በገበያው መካከለኛ ተመን (በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ባለው) መንዝሮ ክፍያውን ለብቻው ማሳየቱ ነው። «ከክፍያ ነጻ» ተብለው የሚተዋወቁ ብዙ ዝውውሮች ትርፋቸውን የሚያገኙት ከተመኑ ስለሆነ፣ ማነጻጸር ያለብሽ የተጻፈውን ክፍያ ሳይሆን በመጨረሻ እጅሽ የሚገባውን ገንዘብ ነው። ሬቮሉትም መልካም ነው፤ ሆኖም በመደበኛው ዕቅድ ቅዳሜና እሁድ በምንዛሪ ላይ ተጨማሪ ስለሚያስከፍል በሥራ ቀን መመንዘር ይሻላል።

ማስተርስ ላይ ያለሁ
እህቴ፣ ስለ ተመን ከማሰብሽ በፊት ሒሳብሽ ቢታገድ ማን እንደሚያነጋግርሽ አስቢ። እኔ የከፈትኩት በስልክ ብቻ የሚሠራ ሒሳብ ነበር፤ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ወላጆቼ የሴሚስተሩን ክፍያ በአንድ ጊዜ ሲልኩልኝ መተግበሪያው «ሒሳብዎ በማጣራት ላይ ነው» የሚል ጽሑፍ አሳየኝና ተቆለፈ። የገንዘቡን ምንጭ አስረጂ ሲሉኝ የአባቴን የደመወዝ ደብዳቤ ላክሁ፤ በሌላ ቋንቋ ስለሆነ ይተርጎም አሉ፤ አስተርጉሜ ባቀርብ ደግሞ ትርጉሙ የሕጋዊ ተርጓሚ ማኅተም ይኑረው ተባልኩ። በየጊዜው የሚመልስልኝ ሰው ሌላ ነበር፤ እያንዳንዱም ጉዳዩን ከሀ ጀምሮ ያስነግረኛል። ለዕለት ጉርስ እንኳ ከክፍል ጓደኛዬ ተበደርኩ፤ የምዝገባው ቀነ ገደብም አለፈ። የታደገኝ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ለሬጅስትራር የጻፈልኝ ደብዳቤ ነው።

የምህንድስና ተማሪ
በጣም ያሳዝናል። ከእኛ ማደሪያም ሒሳቡ የታገደበት ልጅ ነበር። ማኅተም ያለበትን ትርጉም ካቀረብሽ በኋላ ገንዘቡ በስንት ጊዜ ተለቀቀልሽ? ያለፈውን ቀነ ገደብስ ያለ ቅጣት ተቀበሉሽ?

ማስተርስ ላይ ያለሁ
ገንዘቡ ሙሉውን ተለቋል፤ ቅጣቱንም በደብዳቤው ምክንያት አንስተውልኛል። ያ ሁሉ ሲሆን ያሳለፍኩትን ጭንቀት ግን የሚመልስልኝ የለም።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ
የደረሰብሽ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የአንድ ሰው ገጠመኝ ነው። እኔ ከመጣሁ ጀምሮ በዋይዝ ስጠቀም አንድም ችግር አላየሁም፤ ወደፊትም አልለውጠውም።

ማስተርስ ላይ ያለሁ
ያንተ ሒሳብ አለመታገዱ የእኔ መታገድ ቀላል እንደ ነበር አያሳይም። ጠያቂዋ የምትፈልገው ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ነው፤ ያንተ መልስ ይህን አይነካም።

የቅርንጫፍ ደንበኛ
እኔ ከመደበኛ ባንክ ሌላ አልመክርም። ወርሃዊ ክፍያ እንደሚቆርጡና ሰልፉ እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ ቢሆንም መስኮቱ ላይ ያሉት ሴትዮ በስሜ ይጠሩኛል፤ ይህን በየትኛውም ተመን አልለውጠውም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ካርዱና የይለፍ ቁጥሩ በተለያየ ፖስታ ይመጣሉ። በማደሪያው የፖስታ ሳጥን ላይ ስምሽ ካልተለጠፈ ፖስተኛው መልሶ ሊወስደው ስለሚችል፣ ቁልፉን በተረከብሽበት ቀን ስምሽን ጽፈሽ ለጥፊ።

ከማደሪያ ሦስተኛ ፎቅ
ጥያቄው ስለ ባንክ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሆኖም የስልኩ ጉዳይ አብሮ ይታሰብ። የቀድሞ ስልክ ቁጥርሽን እንዳትዘጊ፤ የነባሩ ባንክሽ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። ስልክሽ ኢሲም (ካርድ የማይገባለት፣ በስልኩ ውስጥ ያለ ሲም) የሚቀበል ከሆነ አዲሱን ቁጥር በኢሲም አድርገሽ የድሮው ሲም በቦታው ይቆይ።

ዶክትሬት ላይ ያለሁ
ጠያቂያችን የትምህርት ክፍያውንና የወር ወጪዎን በአንድ መንገድ ባያስልኩ ይመረጣል። ከላይ የተነገረው እገዳ የመጣው ብዙ ገንዘብ በአዲስ ሒሳብ ላይ በአንድ ጊዜ ስላረፈ ይመስለኛል፤ ክፍያው ከወላጆችዎ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ቢላክ ግን በእርስዎ ሒሳብ ማለፍ አያስፈልገውም። በስዊፍት (ባንኮች ከአገር ወደ አገር ገንዘብ በሚላላኩበት መረብ) የሚላክ ከሆነ በመሐል ያሉ ባንኮች ከገንዘቡ ላይ ሊቆርጡ ስለሚችሉ፣ ላኪው ወጪውን ሁሉ እንደሚሸፍን በቅጹ ላይ ይመረጥ፤ «አወር» (OUR) የሚባለው ምርጫ ነው። አለዚያ ገንዘቡ ጎድሎ ይደርስና ክፍያዎ እንዳልተጠናቀቀ ይመዘገባል። የተማሪ መለያ ቁጥርዎ በማጣቀሻው ቦታ ላይ መጻፉም አይዘንጋ። ዩኒቨርሲቲዎ ፍላይዋየር በተባለው የክፍያ ማስተላለፊያ ድርጅት በኩል የሚቀበል ከሆነ እሱም አማራጭ ነው፤ ድርጅቱን የመሠረተው ኢከር ማርካይዴ የተባለ ስፔናዊ፣ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ክፍያውን ከውጭ ለመላክ ተቸግሮ ስለ ነበር ነው።

ስለ አዙሪቱ፦ የሚሄዱት ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የኅብረቱ መመሪያ በሕጋዊነት የሚኖር ሰው ቋሚ አድራሻ ባይኖረውም መሠረታዊ የባንክ ሒሳብ የመክፈት መብት ይሰጠዋል፤ ባንኩም ማመልከቻው ተሟልቶ ከደረሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈት ወይም እምቢታውን ማሳወቅ አለበት። በዩሮ ለሚደረግ ዝውውርም ተቀባዩ «የዚህ አገር ሒሳብ ካልሆነ» ብሎ የሌላ አባል አገርን አይባን (ዓለም አቀፍ የባንክ ሒሳብ ቁጥር) መከልከል አይፈቀድለትም። ይህን ለአከራዩ በጽሑፍ ያስታውሱት። ከኅብረቱ ውጭ ከሆነ ደግሞ የምዝገባና የአድራሻ ማረጋገጫ ደብዳቤ ከውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይጠይቁ፤ ብዙ ባንኮች በኪራይ ውል ምትክ ይቀበሉታል።

የቅርንጫፍ ደንበኛ
ደብዳቤውን ይዘሽ ስትሄጂ ፓስፖርትሽንም ዋናውን ያዢ፤ ቅጂ አይበቃም።

አዲስ ገቢ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የዶክትሬት ተማሪውን መልስ ለወላጆቼ አንብቤላቸዋለሁ፤ አባቴ ስለ ስዊፍቱ ቅጽ ባንኩን ነገ ይጠይቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አከራዩ የሚይዘው የዋስትና ገንዘብ ተምሬ ስጨርስ የሚመለሰው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ማስተርስ ላይ ያለሁ
ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ቤቱን ካስረከብሽ በኋላ፣ አንዳንዴም አገሩን ከለቀቅሽ በኋላ ነው። የአገሩን ሒሳብ ገንዘቡ ሳይገባ እንዳትዘጊው፤ ቤቱን ስትረከቢም የግድግዳውንና የመታጠቢያ ቤቱን ፎቶ ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ አንሺ።