ባክአፕ እያለ ፎቶው እንዴት ይበላሻል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮ ፎቶዎች የተሰበሰቡበት ድረ ገጽ አለኝ። ሰሞኑን አንድ ጎብኚ «ይሄ ፎቶ ግማሹ አይታይም» ብሎ ጻፈልኝ። ከፍቼ ሳየው እውነትም ከመሃሉ ጀምሮ እስከ ታች ግራጫ ሆኗል። ስጭን ከያዝኩት ዝርዝር ጋር ሳመሳክረው ግን መጠኑ አንዲት ባይት አልጎደለም። የተሻሻለበት ቀንም ያው የድሮው ነው። የሆስቲንጉን (ድረ ገጹን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጥልኝን ድርጅት) ባክአፕ ብከፍት እዚያም ግራጫ! እነሱ «ሬይድ (ዳታን በብዙ ዲስኮች ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር) አለን፣ በየቀኑም ባክአፕ እንወስዳለን» ነው የሚሉት። ምን ተፈጥሮ ነው? የቀሩትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈትኩ ልያቸው?

መልስ

አይዞህ ወንድሜ። መጠኑና ቀኑ አለመለወጡ ብዙ ይናገራል። ሲጫን ተቋርጦ ቢሆን ፋይሉ ያጥር ነበር። ሰው ነካክቶት ቢሆን ብዙ ጊዜ ቀኑ ይለወጣል። ያንተ የተበላሸው በተቀመጠበት ይመስለኛል። ዲስኩ ላይ፣ ወይም ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲዛወር ሜሞሪ ውስጥ ጥቂት ቢቶች (ዳታው የተጻፈባቸው 0 እና 1) ተገልብጠዋል። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ለዚህ ስስ ነው። ዳታው ተጨምቆ በተርታ ስለሚቀመጥ፣ አንድ ቦታ ከተሳሳተ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ያለው አብሮ ይዛባል።

ሬይድ የሚደርስልህ ዲስክ ሲሞት ነው። ዲስኩ በሕይወት እያለ የተሳሳተ ነገር ሲያቀብል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ቅጂ ቢኖረው እንኳ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ባክአፕም ያገኘውን ነው የሚገለብጠው። የተበላሸው ደህና መስሎ ይገባል፣ ደህናው ቅጂ ደግሞ ጊዜው ሲያልፍ ይሰረዛል። ሰው «ባክአፕ አለኝ» ብሎ ሲተማመን ሁሌም የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው።

የጎደለህ መበላሸቱን የሚነግርህ ነገር ነው፤ ቼክሰም፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ማመሳከሪያ። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 የለቀቀው ዜድኤፍኤስ የሚባል ፋይል ሲስተም (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅ ሥርዓት) ለእያንዳንዱ ብሎክ፣ ማለትም የዳታ ቁራጭ፣ ቼክሰም ይይዛል። ሲያነብ ያመሳክራል፣ ካልገጠመ ከሌላኛው ቅጂ አንስቶ ይጠግናል። ሌላ ቅጂ ከሌለው ግን ይነግርሃል እንጂ አያድንህም። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ፋይል ሲስተም ኤክስት4 ቼክሰም ቢኖረውም ለራሱ መዝገብ ነው፤ የፎቶህን ይዘት አያይልህም። ስለዚህ ሆስቲንጉን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ ፋይል ሲስተማችሁ ምንድን ነው? ስክረብ (ዲስኩን ሙሉ አንብቦ ቼክሰሙን ማመሳከር) በየስንት ጊዜው ታካሂዳላችሁ? ሜሞሪያችሁ ኢሲሲ (የተገለበጠ ቢትን የሚያርም) ነው? ጥርት ያለ መልስ ካልሰጡህ ሌላ ቦታ ፈልግ።

አንተም በራስህ በኩል ሻ256ሰም በሚባለው ትእዛዝ የሁሉንም ፋይል የቼክሰም ዝርዝር አውጣ። ዝርዝሩን እዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ አታስቀምጠው። ከዚያ የቆየው ባክአፕ ሳይሰረዝ እየደጋገምክ አመሳክር። አሁን ያሉትን ፎቶዎች ደግሞ አንድ በአንድ መክፈት አይጠበቅብህም። ጄፔግኢንፎ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ፎልደሩን ሙሉ ፈትሾ የተሰበሩትን ይለቅምልሃል። ቀለሙ ብቻ በትንሹ የተዛባ ፎቶ ግን ሊያልፈው ይችላል።

ሌላ መልስ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፤ የተሻሻለበት ቀን በትእዛዝ ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ በስታት ትእዛዝ ሲታይሙንም (ሲስተሙ ራሱ የሚመዘግበውን የለውጥ ሰዓት) እይ፣ እሱን ማጭበርበር ከባድ ነው። የድረ ገጹ ጽሑፍ ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ላይ ከሆነ ብዙ አትስጋ። ዳታውን የሚያስቀምጥለት ክፍል ኢኖዲቢ እያንዳንዱን የዳታቤዝ ገጽ (የዳታ ቁራጭ) ከዲስክ ሲያነብ ቼክሰሙን ያያል፣ ካልገጠመ ዝም አይልም።

በነገራችን ላይ፣ በአርሲንክ (ፋይሎችን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚገለብጠው ፕሮግራም) ራስህ ጋ የወሰድከው ቅጂ አለህ?

ጠያቂው

አለኝ! ቤት ያለው ዲስክ ላይ በየጊዜው በአርሲንክ አወርዳለሁ። አሁን ከፈትኩት፣ ፎቶው ሙሉ ነው! ግን እንዴት? ያው ከተበላሸው ሰርቨር አይደል የሚያወርደው?

ሌላ መልስ

እሰይ! አርሲንክ እንደተለመደው ሲሠራ የሚያየው መጠንና ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም ስላልተለወጡ ፋይሉን ዘሎታል። አሁን ግን በምንም ተአምር «ቼክሰም» የሚለውን አማራጭ ጨምረህ ከሰርቨሩ እንዳታወርድ። ልዩነቱን ያይና የተበላሸውን በደህናው ላይ ይጭንብሃል። መጀመሪያ ቤት ያለውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጥ። ከዚያ ከቤት ወደ ሰርቨር አቅጣጫ በቼክሰም አስኪደው፤ መጀመሪያ ግን በደረቁ፣ ምንም ሳይጽፍ። የሚያወጣልህ ዝርዝር ሁለቱ ቅጂዎች የሚለያዩባቸውን ፋይሎች ነው። እነሱን ብቻ ከፍተህ እያቸው፣ ቤት ያለውም ሊሳሳት ይችላልና።