የጸናጽል ናስ ሲታጠፍ ለምን ይሰነጠቃል?

ዘደብረ ብርሃን
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከ2 ሚሊ የናስ ላሜራ የጸናጽል ክፈፍ እሠራለሁ። ከሰል ላይ በወናፍ አግዬ፣ ውኃ ነክሬ ስቀለብሰው የቅስቱ ውጪ ይሰነጠቃል። ሌላው ሳይሰነጠቅ ይታጠፍና ገጹ ሻካራ ይሆናል። አንዱ ደግሞ አምሮ ካለቀ በኋላ በረት አጠገብ ባለ መጋዘን ከርሞ፣ ማንም ሳይነካው ቅስቱ ላይ ተሰንጥቆ ተገኘ። ችግሩ ከእሳቱ ነው ከናሱ?

የመንዝ አንጥረኛ
ወንድሜ፣ ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። አስቀድመህ ናሱን እወቀው። ቁራጩን በትራፓን ብሳው፤ ፍቅፋቂው ረጅምና ጥምዝምዝ ከሆነ ለማጠፍ ይሆናል። ደቅቆ ከረገፈ ግን ለቶርኖ ሥራ ተብሎ እርሳስ የተጨመረበት ነው፤ ያን ምንም ብታለሰልሰው ቅስት ላይ ይከዳሃል፣ ግሎ ውኃ ሲነካውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለመታጠፍ የሚበጀው 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ያለው ነው። የጥይት ቀለሃ የሚሠራው ከዚሁ ነው፤ በብርዱ ሲጎተት ሳይቀደድ ስለሚጠልቅ። (ቀለሃ ከሜዳ ለቅሞ እሳት ውስጥ የሚከት ግን አይጠፋም። ያልተኮሰ ሊኖርበት ስለሚችል ፈጽሞ አታድርጉት።)

ሻካራው ገጽ ከመጠን በላይ የማጋል ውጤት ነው። ናስ ለመለስለስ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ስታግል ቅላቱ ስለማይታይህ አልፈህ ትሄዳለህ፤ ናሱ የተገነባባቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች ያድጉና ሲታጠፍ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ጨለም ያለ ጥግ ሥራ፤ ደብዛዛ ቅላት እንደታየ ወናፉን ተው። ነጭ ጭስ ከወጣ ዚንኩ መትነን ጀምሯል፤ ብቻውን የሚፈላው በ907 ዲግሪ ነው። ያ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣልና በር ክፍት ይሁን።

አንዴ ያደገ ቅንጣት ደግሞ በማሞቅ አይደቅም። መስፍ ላይ ቀጥቅጠህ ውፍረቱን በሲሶ ያህል ካሳነስከው በኋላ በልኩ ስታሞቀው ነው የሚታደሰው። ውኃ መንከር እንደ ብረት አያጠነክረውም፤ ቅርፊቱን ለማራገፍ ብቻ ይጠቅማል።

ቅስቱንም በአንድ ጊዜ አትጨርሰው። መዶሻው መንጠር ሲጀምር አቁመህ እንደገና አለስልስ። ከማጠፍህ በፊት የላሜራውን ጠርዝ በሞረድ ክብ አድርገህ በብርጭቆ ወረቀት ጨርሰው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው መቀስ ከተወው ጭረት ነው።

ዘአንኮበር
መጋዘን ውስጥ የተሰነጠቀው ከበረቱ የተነሣ ይመስለኛል። ከሽንት የሚወጣ አሞኒያ፣ እርጥበት፣ በማጠፍ ናሱ ውስጥ የቀረ ውጥረት፤ ሦስቱ ሲገናኙ ናስ በራሱ ይሰነጠቃል። የእንግሊዝ ጦር ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ ያስቀመጠው ጥይት ቀለሃው እንዲሁ ይሰነጠቅ ነበር፤ ምክንያቱ በጥናት የተብራራው በ1921 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቀጥቅጠህ ስትጨርስ ክፈፉን ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አቆየው። አሞኒያ ባለበት ማጽጃም አትወልውለው።

ዘደብረ ብርሃን
እግዜር ይስጥልኝ። በዚያ ሙቀት ጥንካሬው አይጠፋም? የሙቀት መለኪያም የለኝም። ደግሞ ቅርፊቱን ለማጽዳት ሲትሪክ አሲድ ውስጥ ስከተው ሮዝ ይሆንብኛል።

ዘአንኮበር
ጥንካሬው አይጠፋም፤ በዚያ ሙቀት ውጥረቱ ይረግባል እንጂ ናሱ አይለሰልስም። ለመለኪያ የተወለወለ ብረት ቁራጭ አጠገቡ አኑር። ቢጫውን አልፎ ወይን ጠጅ ሲመስል 270 ወይም 280 ደርሷል፤ ከዚያ እሳቱን አታስጨምር።

የመንዝ አንጥረኛ
ሮዙ መዳብ ነው። የብረት ጉጠት አሲዱ ውስጥ ነክረህ ከሆነ አሲዱ የያዘውን መዳብ ናሱ ላይ ይለጥፍብሃል፤ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ አውጣ። ለአንድ ሊትር ሙቅ ውኃ 50 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ይበቃል። ጉጠት ሳይነካውም ከቀላ ብዙ ቆይቶበታል፣ ወይም እሳቱ በዝቶበት ዚንኩ ከገጹ ሸሽቷል፤ ያኔ በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት ነው።